ወደ ጉብታው ያልወጣ ምስጋና

በእኛ አገር ምስጋና የሚሄደው ወደ ላይ ብቻ ነው። ከወንዙ ማዶ አንድ ጉብታ አለ፤ በጉብታው አናት ላይ ግድግዳው ነጭ፣ መስኮቱ ሁልጊዜ ዝግ የሆነ ቤት ቆሟል። የሰጪ ቤት ይባላል። ዝናብ ከዘነበ የሰጠው እሱ ነው፤ ላም ከወለደች እሱ ነው፤ ምድጃህ ጠፍቶብህ ጎረቤትህ ፍም ብትሰጥህ፣ የሰጠህ የሰጪ ቤት ነው፣ በእሷ እጅ። ስለዚህ ሰው ሰውን ቢያመሰግን ስርቆት ነው፤ የባለቤቱን ንብረት ለማይገባው ሰው ማስረከብ ነውና። ይህን ትምህርት ቤት በገባን በመጀመሪያው ቀን እንማረዋለን። ደግነቱ ከባድ ትምህርት አይደለም። ሰው መልካም ሲያደርግልህ ዓይንህን ወደ ጉብታው አንስተህ «ከላይ ነው» ትላለህ። እሱም «ከላይ ነው» ይልሃል። ከዚያ ሁለታችሁም ወደየጉዳያችሁ ትሄዳላችሁ።

ዋናው ምስጋና የሚላከው ግን በእንስራ ነው። በየሳምንቱ እያንዳንዱ ቤተሰብ አፉን ወደ እንስራው አስጠግቶ ምስጋናውን ይናገርና፣ እንዳይተንበት ወዲያው የእንስራውን አፍ በቅጠልና በጭቃ ይመርገዋል። ወጣቶች ያንን በጀርባቸው አዝለው ወንዙን ተሻግረው ጉብታው በር ላይ ያደርሳሉ። እንስራው ባዶ ስለሆነ አይከብድም። ቢሆንም ተሸካሚ ሁሉ ጎንበስ ብሎ፣ እያለከለከ መሄድ አለበት፤ ቀና ብሎ የተገኘ እንደሆነ «የዚያ ቤት ምስጋና ቀሏል» ይባልና ቤተሰቡ ይመረመራል። ከልጆቹ አንዳንዶቹ በዚያው ጎብጠው ቀርተዋል። በበዓል ቀን ከፊት ወንበር የሚሰጣቸው እነሱ ናቸው።

በወንዙ ላይ ድልድይ አለን፤ የሚያምር፣ የድንጋይ ድልድይ ነው። ግን የተሠራው ከጉብታው ለሚወርዱ ብቻ ነው። ከጉብታው የወረደ ሰው እስካሁን አልታየም፤ ስለዚህ ድልድዩ አዲስ እንደሆነ አለ። የሚወጡት የሚሻገሩት በውሃው መካከል ባሉ ድንጋዮች ላይ እየረገጡ ነው።

ሕጉን የሚጠብቁ አድማጮችም አሉ። አድማጭ በየመስቀለኛው መንገድ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ሰው ለሰው የምስጋና ቃል ሲናገር ከሰማ ደወሉን ይደውላል። የሚናገር አይሰማም ስለሚባል ከተሾመ ቀን ጀምሮ አፉን በጨርቅ ያስራል። ጨርቁን የሚፈታው ለመብላት፣ ያውም ቤቱ ገብቶ በሩን ዘግቶ ነው። የእኛ ሰፈር አድማጭ ቢተው ይባል ነበር። ጎልማሳ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ዓይኑ የማያርፍ ሰው ነው። ልጆች ሲያዩት መንገድ ይቀይራሉ። በእሱ ደወል የተነሳ ሰላምታ የተነፈገ ሰው ጥቂት አይደለም፤ ሰላምታ የተነፈገ ሰው ደግሞ እንዴት እንደሚሆን የምታውቁት ነው። «እንደምን አደርክ» የሚለው የለም፣ እሱም የሚለው የለውም፣ አንድ ዓመት ሙሉ እንደ ግድግዳ ይታለፋል። አንዳንዱ ዓመቱን ሳይጨርስ በቁሙ ይጠወልጋል።

በዚህ ሁሉ መካከል ትርንጎ የምትባል ልጅ ነበረች። ዕድሜዋ አስራ ሰባት ሊሞላ ነው፤ እንስራ ተሸካሚ ናት። እናቷ አጸደ እንስራው የሚታሰርበትን ገመድ ትገምዳለች። አባቷ ከሞተ ቆይቷል፤ ሁለቱ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ትርንጎ ጎበዝ ተሸካሚ ነበረች፤ ከጓደኞቿ ሁሉ እሷን የሚያህል አጎንባሽ አልነበረም። እኔ የማወራችሁ እሷ ላይ የደረሰውን ነው።

ክረምቱ የገባ ሰሞን ነው። ደጋው ላይ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ወንዙ ጠዋት ደፍርሶ ነበር። ቢሆንም ምስጋና አያድርም። ትርንጎ እንስራዋን አዝላ፣ ገመዱን ደረቷ ላይ አጥብቃ አስራ፣ የመጨረሻውን ድንጋይ ስትረግጥ እግሯ አዳለጣት። እንስራው ድንጋዩ ላይ ሲወድቅ ምርጊቱ ተነሳና አፉ ተከፈተ። ውሃው ገባበት፤ ባዶ ሆኖ ሲያጎብጣት የኖረው እንስራ አሁን በእውነት ከበደ። ወደ ታች ጎተታት።

በትምህርት ቤት የተማረችው ሌላ ነገር ትዝ አላት፦ ጉብታው በር ላይ ሳይደረስ ገመድ መፍታት ክልክል ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ አልፈታችም። ልትፈታ ስትነሳ ደግሞ ገመዱ ውሃ ጠጥቶ ነበርና ጣቷ አልቻለውም። አንድ ጊዜ ብቅ ብላ ጮኸች፣ ወዲያው ውሃው መለሳት።

ከዚያ ክንዷን አንድ እጅ ጨበጠው። ሌላ እጅ ደግሞ ደረቷ ላይ ያለውን ገመድ በቢላ ሲቆርጠው ተሰማት። ጆሮዋ ስር አንድ ድምፅ፣ ሳይጮህ፣ ሰው ለልጁ እንደሚናገረው ቀስ ብሎ፣ «አትታገይ። ይዤሻለሁ።» አላት። ወፈር ያለ፣ ትንሽ የሻከረ፣ ብዙ ጊዜ ተቀምጦ እንደወጣ ዕቃ ያለ ድምፅ ነበር። ሌላ የምታስታውሰው የለም።

ስትነቃ አሸዋ ላይ በጎኗ ተኝታለች። ሴቶች ከበዋታል። አንዷ ነጠላዋን አውልቃ አለበሰቻትና ቶሎ ፊቷን አዞረች።

«ማን ነው ያወጣኝ?» አለች ትርንጎ።

ሴቶቹ ወደ ጉብታው ቀና አሉ። «ከላይ ነው።»

ከተማችን የተሾመ የወንዝ አውጪ አለው። ባንተይርጋ ይባላል፤ ከአባቱ የወረሰው ሹመት ነው። ያን ቀን ጩኸት ሰምቶ ሲመጣ ጉንጩ ውስጥ ያለውን ገና አልዋጠም ነበር። ከኋላው የምስጋና ሹሟ ወይዘሮ አሰገደች መጣች። ልጅቷን አየች፤ ደህና ናት። ባንተይርጋን አየች፤ ደረቅ ነው።

«አውጪው መርጠብ አለበት» አለች።

ሁለት ሰዎች በባልዲ ውሃ ቀድተው መጡ። ባንተይርጋ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ፤ ከራሱ ጀምረው አፈሰሱበት። እጀ ጠባቡ ሰውነቱ ላይ ሲለጠፍ «ይበቃል» አለች ወይዘሮ አሰገደች፣ እና ለሕዝቡ አስታወቀች፦ ትርንጎ የአጸደ ልጅ ሰጥማ ነበር፤ በባንተይርጋ እጅ ከላይ ወጥታለች፤ ከሳምንት በኋላ በአደባባይ ምስጋናዋን ታቀርባለች። በዚያው አንድ ነገር አሳሰበች፦ ሳይሾም ሰው ያወጣ ቢኖር የሰጪ ቤትን ውለታ ነጥቋልና ከሸንተረሩ ወዲያ ይሰደዳል። ከሸንተረሩ ወዲያ ምን እንዳለ የሚያውቅ የለም፤ ተመልሶ የነገረን ስለሌለ።

ባንተይርጋ ውሃው እየተንጠባጠበለት ወደ ትርንጎ ጎንበስ አለ። «ልጄ፣» አላት በሹክሹክታ፣ «እኔ እንኳን ሰው ላወጣ ራሴም ገብቼበት አላውቅም። ወንዙን እፈራዋለሁ።» ከዚያ ቀና ብሎ እንደ ሹመቱ ደረቱን ነፋ።

አጸደ ልጇን ቤት ወስዳ እሳት ዳር አስቀመጠቻት። ከትርንጎ ደረት ላይ የቀረውን ገመድ ስትፈታ ጫፉን አየችው። በቢላ የተቆረጠ ነው፣ አልተበጠሰም። ምድጃው ውስጥ ጨመረችው፤ ነዶ አመድ እስኪሆን ቆማ ጠበቀች።

ማታ እራት ላይ ትርንጎ መብላት አቃታት። «እማዬ፣ ደረቴ ላይ ውሃ ቀርቷል መሰለኝ» አለች። «እዚህ ጋ ሞልቶ ይገፋኛል። ያ ድምፅ ትዝ ባለኝ ቁጥር ይብሳል። ልጮህ ልጮህ ይለኛል፣ ግን የሚያሳዝን ነገር አይደለም።»

አጸደ በሩን አየች፤ ሄዳ ዘጋችው። ተመልሳ እጇን ልጇ ደረት ላይ አደረገች።

«ውሃ አይደለም» አለቻት። «ምስጋና ነው።»

«ምስጋናማ እንስራ ውስጥ ነው የሚገባው።»

«ያኛው ሌላ ነው። ያኛውን ስትናገሪው ሞልቶሽ ያውቃል?»

ትርንጎ አሰበችና «አያውቅም» አለች።

«እኔም አንድ አለችኝ» አለች አጸደ። «አንቺን ሳምጥ ሁለት ቀን ሙሉ ያልተለየችኝ ሴት። ከጎኔ ሆና ወገቤን ስትደግፈኝ የእሷ ጉልበት አለቀ። አዋላጅ አልነበረችም፣ አልተሾመችም። ስወልድ ወጥታ ሄደች። ከዚያ በየመንገዱ ስንገናኝ ዓይን ለዓይን እንተያያለን፣ እኔ ወደ ጉብታው ቀና እላለሁ። እንዲህ እንዳለን ሞተች።» ምድጃውን ቆስቆስ አደረገች። «ዱሮ የሚባል ነበር፤ እናቴ ቤት ውስጥ ስትል ሰምቻታለሁ። ‹እጅህ ይባረክ› ይባል ነበር። ‹እጅሽ ይባረክ›።»

ትርንጎ ቃሉን በከንፈሯ ብቻ ሞከረችው። ይህን ያህል አጭር መሆኑ ገረማት።

ከማግስቱ ጀምሮ ድምፁን ፍለጋ ወጣች። እንስራ ለመሰብሰብ በየቤቱ ስለምትገባ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይላታል። «ምርጊቱ ደርቋል?» ብላ ትጠይቃለች፤ ይመልሱላታል፤ እሷ የምትሰማው መልሱን ሳይሆን ድምፁን ነው። ቀጥቃጩን አናገረችው፤ የእሱ ቀጭን ነው። ሸማኔውን፣ ከብት ነጋዴዎቹን፣ የጥላ አዳዩን አናገረቻቸው። (ጥላ አዳይ ማለት በዋርካው ስር ማን የት እንደሚቀመጥ የሚወስነው ሹም ነው፤ በደመና ቀንም ሥራ ይገባል።) አንዳቸውም አይደሉም። ሰዉ ግን ምን እንደምትፈልግ ቶሎ ገባው። ማንም አልጠየቃትም። ሆኖም ቤቷ ድረስ የሚመጡ ወንዶች በዙ፤ አንዱ «ዝናቡ አይሏል» ብሎ ይሄዳል፤ ሌላው መንገድ የጠፋው መስሎ ስለ ገበያው ያወራል። ፍለጋዋ እንዲያጥርላት ድምፃቸውን ሊያሰሟት ነበር የሚመጡት። ትርንጎ ይህ ሲገባት ደረቷ ላይ ያለው ነገር ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

በመጨረሻ እንስራዎቹን የምትሠራው ሸክላ ሠሪ ወደ ጓዳ ሳበቻት።

«ተይ ልጄ» አለቻት። «የምትፈልጊው ሰው እንዳታገኚው እየጸለየ ነው። ብታገኚው እሱ ከሸንተረሩ ወዲያ ነው፤ አንቺም ሰላምታ ትነፈጊያለሽ።»

«ታዲያ ይሄን ምን ላድርገው?» አለች ትርንጎ ደረቷን ይዛ።

ሸክላ ሠሪዋ ጭቃ የነካውን እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። «እኛስ ምን ያደረግነው ይመስልሻል? ይዘነው ነው የምንዞረው።»

ወይዘሮ አሰገደች በበኩሏ ትርንጎን በየቀኑ እያስጠራች ታለማምዳት ነበር። ክፉ ሴት አልነበረችም። ትርንጎ ሳል እንዳለባት ስታይ ማር ሰጥታታለች፤ እርግጥ እየሰጠቻት ወደ ጉብታው ታሳያለች። «የምትይው አጭር ነው» አለቻት። «‹ሰጠምኩ፤ ከላይ ወጣሁ፤ በባንተይርጋ እጅ።› ‹ወጣሁ› ስትይ ድምፅሽ ይሰበር። ቀድሞ እንዳይሰበር፤ ‹ሰጠምኩ› ላይ ከተሰበረ ሐዘን ይመስላል።» ትርንጎ ደጋግማ ተለማመደች። ድምፅ መስበሩ አላስቸገራትም፤ ያስቸገራት ሳይሰበር መናገሩ ነበር።

የአደባባዩ ቀን ጠዋት ፀሐይ ወጣ። ሕዝቡ ተሰብስቧል፤ ጎባጦቹ ከፊት ወንበር ይዘዋል። ባንተይርጋ ቀይ ካባ ለብሶ ከትርንጎ ጎን ቆሟል፤ ካባው ይንቀጠቀጣል። አድማጩ ቢተው እንደ ሥርዓቱ ከመድረኩ ስር በርጩማው ላይ ተቀምጦ፣ ደወሉን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ጆሮውን ወደ ላይ ሰጥቷል። አጸደ ሕዝቡ መካከል ናት፤ ትርንጎ ልታያት ፈልጋ አጣቻት።

«በይ ልጄ» አለች ወይዘሮ አሰገደች።

«ሰጠምኩ» አለች ትርንጎ። እስከዚህ ድረስ እንደተለማመደችው ነው። «ከላይ» ልትል አፏን ከፈተች፣ ቃሉ ግን አልወጣ አላት። እምቢ ለማለት አስባ አልመጣችም፤ እናቷን ማስቸገር አልፈለገችም፤ ሌሊቱን ሁሉ «እላለሁ፣ ይለፍልኝ» ስትል ነው ያደረችው። ነገር ግን ያ ክንዷን የጨበጠው እጅ እዚያው ያለ ያህል ተሰማት፤ እሱን እያየች እንደ መካድ ሆነባት።

«የያዘኝ ከላይ አልመጣም» አለች። «ከጎኔ ነበር። ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ፈልጌ አላገኘሁትም። ስንቱ ከኔ ጋር ሲፈልገው ሰነበተ። እዚህ ካለ እጁ ይባረክ። እኔን ብሎ ውሃ ገብቷል፤ እጁ ይባረክ።»

ሰዉ ሁሉ ደወሉን ይጠብቃል። ደወሉ ግን አልተደወለም።

«አድማጭ» አለች ወይዘሮ አሰገደች። ድምፅዋ ተረብሿል። «የሰማኸው አለ?»

ቢተው ተነሳ። ደወሉን በርጩማው ላይ አስቀመጠ። እጁን ወደ ማጅራቱ ልኮ የጨርቁን ቋጠሮ ፈታ፤ አፉ ሲገለጥ ከአፍንጫው በታች ያለው ቆዳ ፀሐይ አይቶ የማያውቅ የሌላ ሰው ፊት ይመስል ነበር።

«አልሰማሁም» አለ።

ወፈር ያለ፣ ትንሽ የሻከረ ድምፅ። ትርንጎ ወደ እሱ ልትወርድ አንድ እርምጃ ሄደች፤ ባንተይርጋ በካባው ያዛት። በየቤቱ ስትዞር በእሱ መስቀለኛ መንገድ ስንት ጊዜ አልፋለች፤ ድምፅ የለውም ብላ እሱን ብቻ ሳትጠረጥረው ቀረች። መናገር ፈለገች፣ ከንፈሯን ነክሳ ዋጠችው። አሁን አንድ ቃል ብትጨምር የምታስወስደው እሱን ነው።

ወይዘሮ አሰገደች ቆማ አሰበች። ሕግ አክባሪ ሴት ናት። ሕጉ ደግሞ የአድማጭ ጆሮ ብቻ ጆሮ ነው ይላል። ወደ ባንተይርጋ ዞረች። «አንተስ?»

«እኔ አውጪ ነኝ» አለ ባንተይርጋ። «መስማት ሥራዬ አይደለም።»

«ከእናንተ መካከል የሰማ አለ?» ስትል ሕዝቡን ጠየቀች።

ሳይሾሙ መስማት ራሱ ወንጀል ስለሆነ ማንም አልሰማም ነበር። ከፊት ወንበር ያሉት ጎባጦች እንኳን አልሰሙም። ከመካከላቸው አንዲት ሴት፣ ያቺ ወንዝ ዳር ነጠላዋን ያለበሰቻት፣ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርግ ነበር፤ ስትጠየቅ ግን አቧራ ነው አለች።

ስለዚህ ሥርዓቱ በሚገባ እንደተፈጸመ ታወጀ። ትርንጎ ምንም ስላልተናገረች ምንም አልተደረገችም። የተናገረው ቢተው ነው፤ አድማጭ ሆኖ አፉን ፈትቷል። ደወሉ ተወሰደበት፣ ሰላምታም ለአንድ ዓመት ተነፈገ። ፍርዱ ሲነበብለት ቢተው ራሱን ነቀነቀ፤ ጨርቁን አጣጥፎ ለወይዘሮ አሰገደች በሁለት እጁ አስረከባትና ሄደ።

ቤት ሲገቡ አጸደ ልጇን አቅፋ ብዙ ቆየች። «ተቆጣሽኝ?» አለቻት ትርንጎ። አጸደ ምድጃው አጠገብ ተቀመጠችና ከራሷ ጋር እንደምታወራ ሁሉ፣ ግን ድምፅዋን ሳትቀንስ፣ «ወርቂት ትባል ነበር» አለች። «ልጄን ያዋለደችኝ። እጇ ይባረክ።» በሩ ክፍት ነበር። በደጅ የሚያልፍ ሰው ቆም አለና መንገዱን ቀጠለ።

ቢተው ከዚያ ወዲያ ወንዙ ዳር ይውል ጀመር። መሻገሪያው አጠገብ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ እዚያ ላይ ይቀመጣል። ሰላምታ የሚሰጠው የለም። ሆኖም በዚያ ዓመት ከተማችን ላይ የመርሳት በሽታ ገባ። ልብስ ልታጥብ የወረደች ሴት የዳቦ ቁራሽ ድንጋዩ ላይ ትረሳለች። ሸማኔው ጋቢ ረሳ። ቀጥቃጩ ቢላ ረሳ፤ የተቆረጠ ገመድ ያደነዘዘውን ቢላ የሚተካ፣ የተሳለ ቢላ። ሸክላ ሠሪዋ በአንድ ወር ውስጥ ድስት፣ ጋንና ማሰሮ ረስታ የቢተውን ቤት ሞላችው። አዲሱ አድማጭ ተጨንቆ ወይዘሮ አሰገደችን ጠየቃት፤ ሕጉን አገላብጣ አየች፤ መርሳት ምስጋና ነው የሚል አላገኘችም።

ባንተይርጋ ደግሞ አንድ ጠዋት ሰላም ሳይል መጣ። ልብሱን አወለቀ፣ እየተንቀጠቀጠ እስከ ጉልበቱ ገባና ቆመ። ቢተው ከድንጋዩ ወርዶ ገባ። አንድም ቃል ሳይነጋገሩ ቢተው የባንተይርጋን ሆድ ከስር ደግፎ ያንሳፍፈው ጀመር። ሳምንታት ፈጀ። ዛሬ ከተማችን መዋኘት የሚችል አውጪ አለው፤ ከዚያ ወዲያ ያወጣቸው ልጆች በሕይወት አሉ።

ወደ ጉብታው የሚወጣው እንስራም አነሰ። ከላይ ጥያቄ ይመጣል ብለን ፈርተን ነበር፤ አልመጣም። ወይዘሮ አሰገደች ግን ሳትጠየቅ ምክንያቱን አዘጋጅታ ነበር፦ ዘንድሮ ምስጋና አልያዘም፣ ዝናቡ በዝቶበት ነው።

ትርንጎ ወንዝ ዳር ለመሄድ የደፈረችው መስከረም ከጠባ በኋላ፣ ውሃው ሲጠራ ነው። ቢተው ድንጋዩ ላይ ነበር። መጥታ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ሰላም ልልዎ አይፈቀድልኝም፣ ጋሼ» አለችው። «ስለዚህ የቀረውን ልናገር። እጅዎ ይባረክ።»

ቢተው ቀና ብሎ አያት። የምስጋና ቃል በሕይወቱ ስንት ጊዜ ሰምቶ ደወል ደውሎበታል፤ ለእሱ ሲባል ግን ይህ የመጀመሪያው ነው። እጆቹን ገልብጦ መዳፉን አየው፣ መልሶ ጭኑ ላይ አሳረፈው።

«ምን ተብሎ ይመለሳል?» አላት።

«አላውቅም» አለች። «እማዬንም ጠይቄያት ነበር፤ እሷም አታውቀውም።»

ከዚያ ቢተው ሳቀ፤ መሳቅም እንደጠፋበት ያስታውቅ ነበር፣ ሳል ሳል ይለዋል።

«ለምን ገቡልኝ?» አለችው።

«ስትጮሂ ሰማሁሻ» አለ። «ከመንገዱ ራስ ድረስ ሰማሁሽ። ሥራዬ መስማት ነው። ስንት ዓመት ሰውን ስሰማ ደወል ነበር የማነሳው። ለዚያ ጩኸት ደወል ምን ይሆንለታል?» ወንዙን አየው። «እኔ ደግሞ ወንዝ ዳር ነው ያደግሁት። ወደ ታች፣ ውሃው ሰፊ ከሆነበት።»

«ስለዚያ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።»

«ለማን እናገራለሁ?»

ትርንጎ ነጠላዋን ሰብስባ ድንጋዩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። እሱም ፈቀቅ አለላት። ከዚያ ማውራት ጀመረ። በመጀመሪያ ቃል ቃሉን እየፈለገ ነበር፣ ኋላ ግን ተፈታ። አባቱ ዓሣ በመረብ ሲያወጣ የሚለውን እርግማን ነገራት። ከታላቅ ወንድሙ ጋር ጀልባ ሰርቀው የተገረፉትን ነገራት። ለሹመት ሲወስዱት አፉን የሚያስሩበት ጨርቅ ሳሙና ሳሙና ይሸት እንደነበር፤ የታሰረ ቀን ማታ ብቻውን ቤቱ ቁጭ ብሎ ስሙን እንዳይረሳ ደጋግሞ ይጠራ እንደነበር ነገራት። ስለ ዝናብ አወራ፣ ስለ ጥርሱ ሕመም አወራ፣ ትዝ ያለውን ሁሉ ያለ ቅደም ተከተል አወራ። ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች ከማዶ እየሰሙ ልብሳቸውን በቀስታ ይመቱ ነበር። ፀሐይዋ ከውሃው ላይ ተነስታ ዛፎቹ ላይ ሄደች። ትርንጎ አላቋረጠችውም።